የዘይኑ ድምፅ

ሸሪፍ በደረቱ ተኝቶ እጁን ከትልቁ ስፒከር ጀርባ ሰደደ። ሽቦው አልላላም። ደግሞ ጠበቅ አደረገው።

«አሁንስ?»

«እሱ እኮ ነው! ምን ትነካካዋለህ?» አለች ሚስቱ መሪማ። ከቴፑ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች።

ካሴቱን ያመጣላቸው ከግንባር ቆስሎ የተመለሰ የአልዩ አምባ ሰው ነው። ልጃቸው ዘይኑልአቢዲን ከትምህርት ቤት ሲመጣ መንገድ ላይ ታፍሶ ከተወሰደ ወዲህ ድምፁን ሲሰሙ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ሸሪፍ በአሰብ መንገድ የጭነት መኪና ይነዳል። ወገብ የሚደርሰውን ይህን ሳጥን ከአሰብ ያመጣው ወፍራሙን ድምፅ አጉልቶ ያወጣል ስላሉት ነው። ዛሬ የልጁ ቃል አንድም እንዳያመልጣቸው ብሎ ከአሮጌው ስፒከር ጋር ገጠመው። ድምፁ ግን ይባስ ሳሳ፤ ከቆርቆሮ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል።

«እማ፣ ደህና ነኝ። ስለ እኔ አታስቢ» ይላል ቴፑ።

«ስማው እስቲ» አለች መሪማ ፈገግ ብላ። «ሲያባብለኝ ድምፁ እንዲህ ነው የሚቀጥነው።»

ሸሪፍ መዳፉን በሳጥኑ ፊት፣ ድምፅ በሚያወጣው ጥቁር ወረቀት ላይ አሳረፈ። ወረቀቱ ይርገበገባል። ይሠራል ማለት ነው። ታዲያ ድምፁ የት ይገባል?

ተነሥቶ ተቀመጠ። አንድ ክረምት ጣርማበር ላይ መኪናው ጭቃ ውስጥ ሰምጦበት ነበር። ሰዉ ተረባርቦ ቢገፋ፣ ቢገፋ፣ ንቅንቅ አልል አለ። ለካ በጭጋጉ ሳይተያዩ ግማሹ ከፊት፣ ግማሹ ከኋላ ኖሯል የሚገፋው።

«አንዱ ስፒከር ወደፊት ሲገፋ ሌላው ወደኋላ ይስባል» አለ ለራሱ። የትልቁን ስፒከር ቀይ ሽቦ ነቅሎ በጥቁሩ ቦታ፣ ጥቁሩን በቀዩ ቦታ ሰካ። ካሴቱን ወደ መጀመሪያው መልሶ ቁልፉን ተጫነ።

«እማ፣ ደህና ነኝ።»

መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ተንቀጫቀጩ። መሪማ ሰው የገባ መስሏት ወደ በሩ ዞረች።

«ማነው ይሄ?»

«ዘይኑ ነዋ።»

«አይደለም። የአንተ ድምፅ ነው።»

ሸሪፍ ጆሮውን ሰጥቶ አዳመጠ። ወፍራም፣ ከደረት የሚወጣ የጎልማሳ ድምፅ ነው። ሲወስዱት ገና ጢም እንኳ አላበቀለም ነበር። ሸሪፍ ምነው ባልነካሁት አለ በሆዱ።

«ልመልሰው?»

«ምኑን?»

«ሽቦውን። እንደ ቅድሙ ላድርገው?»

መሪማ ጆሮዋን ወደ ስፒከሩ አስጠጋች። ልጁ ይናገራል፦ «እዚህ ብርዱ ለጉድ ነው። ወላሂ፣ እንኳን ደብረ ብርሃን አደግሁ እላለሁ። ጓደኞቼ ሲንቀጠቀጡ እኔ እስቅባቸዋለሁ።» ሳቀ። ሳቁ በሳል ተቋረጠ።

«ተወው» አለች መሪማ በመጨረሻ። «ያ ቀጭኑ የሄደው ልጅ ነው። የሚመጣው ይሄኛው ነው፤ ኢንሻአላህ።»

ወደ ጓዳ ገብታ ሹራብ ይዛ ወጣች። ቁስለኛው ድኖ ወደ ጦሩ ሲመለስ በእሱ እጅ ለልጇ ልትልክ የምትሠራው ነው፤ አንድ እጅጌው ቀርቶታል።

«ዙርልኝ» አለችው ባሏን።

በጀርባው ላይ ዘረጋችው። ትከሻውን አልሸፈነም፤ ከታችም ከወገቡ በላይ ቀረ። መሪማ ከስፒከሩ አጠገብ ተቀመጠችና «በአንተ ልክ እንደገና እጀምረዋለሁ» ብላ የክሩን ጫፍ ፈልጋ ሳበች። ሸሪፍ ፊት ለፊቷ ቁጢጥ ብሎ ሁለት እጁን ዘረጋላት። ልጃቸው እያወራ፣ እሷ ሹራቡን እየተረተረች ክሩን በባሏ እጆች ላይ ትጠቀልል ጀመር።