የረውዳን ካርዶች ማን ነካቸው?

«ካርዶቼን ያበላሸሻቸው አንቺ ነሽ!»

ረውዳ ክፍል ውስጥ፣ ተማሪው ሁሉ እየሰማ ጮኸች...

የተናገረችው ለሄለን ነው። ሁለቱ ጎንደር ውስጥ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት።

የሚያጠኑት ስልክ ላይ በሚሠራ የፍላሽካርድ አፕ ነው። ካርዱ ጥያቄ ያሳያችኋል፣ ስትነኩት መልሱ ይመጣል። «አውቀዋለሁ» ካላችሁት ለብዙ ቀን አይመለስም። «አላወቅኩም» ካላችሁት ግን በማግስቱ ይመጣባችኋል።

ረውዳ ሁለት መቶ የባዮሎጂ ካርድ «አውቀዋለሁ» ብላ ጨርሳ ነበር።

አንድ ቀን ከመግሪብ ሶላት በኋላ ስትከፍተው... ግማሹ «አላወቅኩም» ተብሎ ቁጭ ብሏል!

በማግስቱም ሌላ ተጨመረ... በሦስተኛው ቀንም...

ለፈተና የቀረው ሦስት ሳምንት ነው። ከሌላ ስልክ አፑን ለመክፈት የሚጠየቀውን የይለፍ ቃል ደግሞ ከእሷ ሌላ የምታውቀው ሄለን ብቻ ናት።

«ምነው ረውዳ... እኔ?» አለች ሄለን። ቦርሳዋን አንስታ ሌላ ወንበር ላይ ሄዳ ተቀመጠች።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ብሆን ሄለንን ነበር የምጠረጥረው።

ረውዳ እየተናደደች የተመለሱትን ካርዶች እንደገና ማጥናት ጀመረች። የሚገርመው... «አውቀዋለሁ» ካለቻቸው ውስጥ ብዙዎቹን አታውቃቸውም ነበር። ለመጨረስ ቸኩላ ነው የነካቻቸው።

ትምህርት ቤታቸው ስልክ አያስገባም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ስልኳን ፒያሳ ያለው የአባቷ ጨርቅ መሸጫ ሱቅ አስቀምጣ ነው የምትሄደው። አባቷ ጋሽ አብዱልባሲጥ ስልክ ከመደወል አልፈው አያውቁም ብላ ስለምታስብም አትቆልፈውም።

አንድ ቀን መምህር ቀርቶ በጊዜ ተለቀቀች።

ሱቅ ስትደርስ አባቷ መነጽራቸውን አድርገው፣ አንዲት ደንበኛ አስቁመው፣ ስልኩ ላይ አቀርቅረዋል።

«ማይ... ቶ... ኮን... ድሪያ» ይላሉ ለራሳቸው።

ከዚያ በአንድ ጣታቸው ነኩት። «አላወቅኩም»።

«አባዬ... ምን እያደረግክ ነው?»

ክው አሉ።

«ያኔ "አባዬ ጠይቀኝ" ስትዪኝ ሥራ አለብኝ ብዬ የሸሸሁሽ... ሥራ ኖሮብኝ አይደለም ልጄ። የእንግሊዝኛውን ጥያቄ ማንበብ አፍሬ ነው። ከስምንተኛ ክፍል ነው ለሱቁ ብዬ ያቋረጥኩት። ትንሽ ልለማመድና ልጠይቃት ብዬ ነው...»

«ታዲያ ለምን ሁሉንም አላወቅኩም ትለዋለህ?»

«ሳላውቅ አውቃለሁ ልበል እንዴ? ወላሂ አንዱንም አላውቀውም።»

ረውዳ አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ደንበኛዋ ሴትዮም አብራ አለቀሰች፣ ዋጋ መከራከሯን ግን አልተወችም 😄

ረውዳ ከዚያ በባጃጅ በቀጥታ ቁስቋም፣ ሄለን ቤት ሄደች።

«ይቅር በይኝ። ሳልጠይቅሽ ፈረድኩብሽ።»

ሄለን በሩን ይዛ ቆመች።

«በጣም ነው የከፋኝ» አለች። «የኬሚስትሪ ካርድ ሠርቼልሽ... ብልክልሽ ደግሞ አበላሸሽብኝ ትያለሽ ብዬ ፈርቼ ተቀምጫለሁ።»

ተቃቅፈው ተላቀሱ።

ፈተና ሊገቡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ሁለቱም ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብለዋል። ጋሽ አብዱልባሲጥ ይጠይቃሉ፣ እነሱ ይመልሳሉ።

አንድ ጥያቄ ላይ ሁለቱም ዝም አሉ...

አባትየው መልሱን ሳይከፍቱ በቃላቸው ተናገሩ። ሲከፈት ትክክል ነው።

ልጆቹ አፋቸውን ይዘው ቀሩ።

ጋሽ አብዱልባሲጥ ስልኩን ትንሽ አዩት... እና ለመጀመሪያ ጊዜ «አውቀዋለሁ» የሚለውን ነኩ። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር።

ወዳጆቼ፣ የማናውቀውን አናውቅም ለማለት አንፈር። ሰው ላይ ከመፍረዳችን በፊትም አንዴ እንጠይቅ።

እናንተስ... ሳትጠይቁ የፈረዳችሁበት ጓደኛ አላችሁ? ዛሬ ብታገኙት ምን ትሉታላችሁ? እዚሁ ሥር ጻፉለት፣ ማን ያውቃል ያነበው ይሆናል ❤️