የሚጠበቅ ሰው ወንበር

በዚያ ዘመን አውሮፕላን ላይ የቢዝነስ ክላስ ወንበር የሚሰጠው ተሳፋሪውን በሚጠብቀው ሰው ብዛት ነበር፤ አንድ ማሽን የጠባቂን ልብ ከሩቅ ያነባል። ብዙ ሰው የሚናፍቀው ከፊት፣ ማንም የማይናፍቀው ከኋላ፣ መጸዳጃ ቤቱ ጥግ ይቀመጣል።

ጋሽ ሽብሩ ጓንጉል አውሮፕላኑን ራሱ የሠራው ይመስል ደረቱን ነፍቶ ገባና የመጀመሪያው ወንበር ላይ ዘፍ አለ።

«የኔ ልጅ፣ ዛሬ ጎንደር ለኔ ሲል ሥራ ፈቶ ነው የሚውለው! አሥራ ሁለት አውቶቡስ ሙሉ ሕዝብ ሊቀበለኝ መጥቷል።»

አስተናጋጇ ማህደር ማሽኑ የቆጠረው የሚታይበትን ሰሌዳዋን አየች። «ጋሼ፣ አንድ ሰው ነው የሚለው።»

«እናቴ ናታ! እሷ ብቻዋን ከሺህ ሰው ትበልጣለች። ታማ ተኝታ እንኳ ‹ሽብሩ ሳይመጣ አልሞትም› ብላለች።»

ማህደር ሳቀች። «እሺ፣ ለአንድ ሰው አራተኛው ረድፍ ይፈቀዳል። መስኮቱ ጋ ይሁን መተላለፊያው ጋ?»

«መስኮቱ ጋ! የቤታችንን ጣሪያ ከላይ አሳይሻለሁ፤ ፀሐይዋን ራሷን ያስንቃል።»

ልትመዘግብ ጣቷን አነሳችና ድንገት ሰሌዳውን ከጀርባዋ ደበቀች። ሽብሩ ግን አይቶታል፤ አንድ የነበረው ቁጥር ዜሮ ሆኗል።



«የኔ ልጅ» አላት፣ ለመስማት ጎንበስ እስክትል ድረስ ቀስ ብሎ፣ «እስክናርፍ ድረስ አንድ ነው በይኝ።»