ቀድማ የሳቀች ዕቃ ታጥባለች

ታናሽ እህት እንቁላሉን በጎድጓዳው ሳህን ጠርዝ መታ አድርጋ ሰነጠቀችና፣ አስኳሉን ከአንዱ ቅርፊት ወደ ሌላው እያገላበጠች ነጩን ብቻ ወደ ሳህኑ ለቀቀችው። የውበት ሳሎን ከከፈተች ወዲህ ለፊት ብላ እንቁላል ሰብራ አታውቅም፤ እጇ ግን አልረሳም።

ከበሩ ሥር ያስቀመጠችው ቦርሳ በቅባት ዓይነት ተጨናንቋል። ከሳሎኑ መደርደሪያ ውድ ውዱን ጠራርጋ ነበር የመጣችው። ታላቅ እህቷ ግን ቦርሳው ገና ሲከፈት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ "ለማን ብዬ ነው የምቀባው?" አለችና ዘጋቻት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከዚህ የረዘመ ንግግር ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። እሁድ ልጇ ልታገባ ነው፤ እሷ ደግሞ ከቤት ንቅንቅ አልልም ብላለች። ሙሽሪት ትናንት ሳሎን ድረስ መጥታ፣ "አክስቴ፣ እማዬ ከሌለችበትማ ሠርጉ ይቅርብኝ" እያለች ስታለቅስ ዋለች።

"እታለም፣ እስቲ ቀና በይልኝ።"

"ምንድን ነው እሱ ደግሞ?"

"የጥንቱ ነው። እንቁላልና ሎሚ።"

ታላቅየዋ ወደ ሳህኑ አየት አድርጋ አፍንጫዋን ጨምደድ አደረገች። "ይሸታል።"

"ድሮስ መች ሽቶ ሽቶ አለ?"

ድሮ እናታቸው ቅዳሜ ገበያ እስክትወጣ በአንድ እግራቸው ቆመው ይጠብቁና፣ በዚሁ ቤት፣ በዚሁ ወጥ ቤት ይቆነጁ ነበር። እንቁላሉ ላይ የሚጨምሩት ማር በአንገታቸው ወርዶ ልብሳቸውን ያጣብቃል፤ ዝንብ ይወራቸዋል። አንዴ ሎሚውን ያለቅጥ ጨምረውበት፣ ለትምህርት ቤት ፎቶ ፊታቸው በርበሬ መስሎ ቀረቡ። ደግነቱ ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነበር። ዛሬ ሎሚ ፊታቸው እንዳያደርሱ ደንበኞቿን ስትመክር ምላሷ ፀጉር አብቅሏል። ይሁንና በሳሎኗ አልጋ ላይ የምትጋደም ሴት ዓይኗን ጨፍና ብቻዋን ናት። እዚህ ግን ሁልጊዜ ሁለት ነበሩ። ምነው ያ ጊዜ አሁን በተመለሰ አለች በልቧ።

ደግሞ ሕግ ነበራቸው። የእንቁላል ነጭ ሲደርቅ ፊትን ጭምድድ አድርጎ ይይዛል፤ ፈገግ ካሉ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ቀድማ የሳቀች የሳምንቱን ዕቃ ታጥባለች። ታላቅየዋ አንድም ቀን ተሸንፋ አታውቅም።

ሎሚውን ጠብ ብቻ አደረገችበት። ከዚያ በጣቶቿ የእህቷን ግንባር ቀባች፣ አፍንጫዋን፣ አገጯን። ጉንጯ ላይ ስትደርስ ጣቷ ጎድጓዳ ውስጥ ገባ። እንዲህ መክሳቷን በዓይኗ ብቻ ስታያት ልብ አላለችውም ነበር። የራሷንም ፊት ቀብታ ጉልበት ለጉልበት ገጥማ ተቀመጠች።

"ሕጉን ታስታውሻለሽ?"

ታላቅየዋ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጠፈች።

ፊታቸው ላይ የቀቡት ማስክ ደረቀ። ታናሽየዋ የድሮውን የሒሳብ አስተማሪያቸውን ጉሮሮ አጠራረግ አስመሰለች። ምንም። የጎረቤታቸውን ሴትዮ አካሄድ በወንበሯ ላይ እንዳለች ተውረገረገችላት። ያም አልሠራም። ለወራት እንዲሁ ደርቆ የከረመን ፊት በምን ታሸንፈዋለች? "እሺ፣ አትምጪ" ልትል ቃጣት። እንባዋ መጣ፤ ልትታጠብ ብድግ ስትል፣ የእህቷ ቀኝ ጆሮ ሲነቃነቅ አየች።

ጆሮው ብቻ። ሌላው ፊቷ ድንጋይ ነው። ቀጥሎ ግራው ተነቃነቀ። ከዚያ ሁለቱም አንድ ላይ።

ታናሽየዋ የልጅነት ሳቋን ለቀቀችው፤ ሆዷን ይዛ ወንበሩ ላይ ተደፋች። ማስኩ ከግንባሯ እስከ አገጯ ተተረተረ።

"ዕቃው ያንቺ ነው፣ ሚጡ" አለች ታላቅየዋ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

ሚጡ! ሃምሳ ዓመት አልፏታል፤ እናታቸው ካረፈች ወዲህ በዚህ ስም የጠራት የለም። እየሳቀች፣ አፍንጫዋን እየጠራረገች ወደ መታጠቢያው ሄደች። የስንት ቀን ዕቃ ተከምሯል። እጅጌዋን ሰብስባ ውሃውን ከፈተች።

"ሚጡ" አለች እህቷ ከኋላዋ። "ለእሁድ ስትሠሪልኝ ሎሚ አታስገቢበት። ያቃጥላል።"

እጇ አረፋው ውስጥ ቀጥ አለ። ዞር ብላ አየች።

ታላቅየዋ መስኮቱ አጠገብ ካለችው ትንሽ መስታወት ፊት ቆማለች። ከከንፈሯ ጥግ ተነስቶ እስከ ጉንጯ የሚደርስ ቀጭን ስንጥቅ አለ፤ በአውራ ጣቷ እያሻሸች ልትደፍነው ትሞክራለች።

ታናሽየዋ እንዳላየች ሆና ተመልሳ ቀጣዩን ሳህን አነሳች።