የአሥር ደቂቃ እንግዳ

ስህተቱ እናትየዋን ማስገባት ነበር። አዘጋጆቹ ይህ ሲገባቸው ሴትዮዋ ጫማዋን አውልቃ አልጋው ላይ ተመቻችታ ተቀምጣለች።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ አሥራ አራት ቀን ሙሉ ሁሉም ነገር እንደታሰበው ሄዷል። በኢንተርኔት ቪዲዮ እየሠሩ ስም ያወጡ አሥራ ሁለት ወጣቶች መጋዘን ውስጥ የተሠራ፣ ቀን ከሌት በቀጥታ የሚተላለፍ ነጭ ክፍል ገቡ። ሕጉ ግድግዳው ላይ በትልልቅ ቀይ ፊደል ተጽፏል፦ «በዚህ ክፍል መጨረሻ የቀረ ሰው፣ ዕቃው የተሟላ ቤት ይወስዳል።» በሩ አይቆለፍም። የወጣ ግን አይመለስም። ግማሾቹ ስልካቸው ናፍቋቸው ወጡ፣ ግማሾቹ መብራቱ አላስተኛ ብሏቸው፣ ሁለቱ ደግሞ በአንድ ትራስ ተጣልተው። የቀሩት ልጅቷና ጡንቻው ብቻ ናቸው።

ጡንቻው ብረት ሲያነሳ እየተቀረጸ የሚኖር ሰው ነው። ልጅቷ የምትታወቀው እናቷን በመምሰል ነው፤ ሻሽ ታስራለች፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ታሳርፋለች፣ ትነጫነጫለች፤ ሚሊዮን ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል። ልብስ ሰፊዋ እናቷ አንዱንም ቪዲዮ አይታ አታውቅም። ልጅቷ እንደዚያ ነበር የምታስበው።

አዘጋጁ ለእናትየዋ የነገራት ቀላል ነበር፦ አሥር ደቂቃ ውስጥ ልጅሽን አባብለሽ ካወጣሽ ለእሷ መኪና እንሰጣታለን። እናትየዋ ቁመቷን የሚያክል ሻንጣ እየጎተተች ገባች። ልጇን ሳመቻት፣ ፍራሹን በቡጢ ደቃ ሞከረችው፣ መነጽሯን አውጥታ ግድግዳውን ሁለት ጊዜ አነበበች። ጫማዋን ያወለቀችው ከዚያ በኋላ ነው።

«እማዬ፣ እንዳትለምኚኝ። አልወጣም።»

«ማን ውጪ አለሽ?» አለችና ወደ ጡንቻው ዞረች። «አንተ ልጅ፣ ትከሻህ ላይ ስፌቱ ተተርትሯል። አምጣው።»

ጡንቻው አንገቱን ደፍቶ ካናቴራውን አውልቆ ሰጣት። እሷ መርፌዋ ላይ ክር እያስገባች፣ «እጮኛ አለችህ?» አለችው።

«አለችኝ፣ እማማ። ልንጋባ ሁለት ወር ቀርቶናል።»

«ያቺ ቀጭኗ ናት? ውጭ ማረፊያው ውስጥ የተቀመጠችው?»

«ውጭ ናት እንዴ?»

«እኔ እንኳ በሰው ነገር መግባት አልወድም። ‹ከሌላ ሴት ጋር አንድ ክፍል ሲያድር አሥራ አራት ቀን ሙሉ እያየሁ እሱን አላገባም› ስትል ሰማኋት። ብታለቅስ ደግ ነበር። አላለቀሰችም።»

ጡንቻው ካናቴራውን እንኳ ሳይቀበል ወጣ።

ልጅቷ ዘልላ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። «እውነት ውጭ ነበረች?»

«እኔ ምን አውቄ» አለች እናትየዋ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። «ቀጭን እጮኛ የሌለው ጡንቸኛ ግን አይቼ አላውቅም።»

«አሸነፍኩ!» ልጅቷ ማዕዘኖቹ ላይ ለተሰቀሉት ካሜራዎች እጇን አውለበለበች። «በይ እማዬ፣ አሁን ውጪልኝ። አንቺ ስትወጪ ብቻዬን እቀራለሁ፣ በቃ፣ ቤቱ የእኔ ነው።»

«ወይም አንቺ ስትወጪ እኔ ብቻዬን እቀራለሁ።»

ልጅቷ ሳቀች። እናትየዋ አልሳቀችም፤ ሻንጣውን ከፈተች። የሌሊት ልብስ ወጣ፣ ነጠላ ጫማ ወጣ፣ የአንድ ወር የደም ግፊት መድኃኒት ወጣ፣ ጫፋቸው ያልታጠፈ ስምንት ቀሚሶች ወጡ።

ድምፅ ማጉያው ተንቋቋ። «እማማ፣ አሥሩ ደቂቃ አልቋል። እርስዎ ተወዳዳሪ አይደሉም፣ እባክዎ ይውጡልን።»

«ልጄ፣ የጻፍከውን አንብበው እስቲ። ተወዳዳሪ ይላል?»

«ሰው ነው የሚለው… ግን…»

«እና እኔ ምን እመስልሃለሁ?»

በማጉያው ወረቀት ሲገለባበጥ፣ አንድ ሰው ሌላውን ሲቆጣ ተሰማ። በመጨረሻ አዘጋጁ በደከመ ድምፅ፣ «ጠበቃችን መቀመጥ ይችላሉ ብሏል» አለ። «ተመልካቹም እጥፍ ሆኗል።»

«እማዬ፣ አብደሻል እንዴ? እኔ ባሸንፍ አንቺ ብታሸንፊ ያው አንድ አይደል?»

«አንድ ከሆነማ አንቺ ውጪ።»

«በዘጠነኛው ቀን ለዚያ ጡንቸኛ ምን አልሽው?» አለች እናትየዋ የቀሚስ ጫፍ እየሰፋች። «‹ቤቱን ሳገኝ ብቻዬን ነው የምገባው፣ እናቴ በወር አንዴ መጥታ ትጠይቀኛለች› አላልሽም?»

«አንቺ ቪዲዮ ታያለሽ?»

«አንድም አላመለጠኝም። አከራያችን ዕቃችንን ዝናብ ላይ ያወጣብን ቀን የተናገርኩትንም አይቼዋለሁ። አንድ ቃል አልቀየርሽም፤ ሻሽ ብቻ ነው የጨመርሽበት።» መርፌዋን ቀሚሱ ላይ ሰካች። «ሦስት ዓመት አፌን ተከራይተሽ ኖርሽ። አከራይ ደግሞ አንድ ቀን ቤቱን ለራሱ ይፈልገዋል።»

ልጅቷ ተነሥታ ቆመች። «ኧረ ምን በወጣኝ! አሥራ አራት ቀን እዚህ የተጎለትኩት እኔ!» እጇ ወገቧ ላይ ነበር፤ አንገቷ ወደ ጎን ሰበር ብሏል። ድምፁም የራሷ አልነበረም።

በማጉያው በኩል ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ።

«እንደሱ አይደለም» አለች እናትየዋ፣ ዓይኗን ከስፌቱ ሳታነሳ። «‹ኧረ›ን ረገጥ አድርጊው። ‹ምን በወጣኝ› ስትዪ ደግሞ አትጩኺ፣ እንደ ደከመሽ ሁኚ። ኧረ… ምን በወጣኝ።»

በማጉያው በኩል ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አንዱ ትን ብሎት ሳለ። ልጅቷ ቀና ብላ አራቱን ካሜራዎች አየች። አራቱም አንገታቸውን ወደ አልጋው አዙረዋል። እሷ ቆማ የነበረችበትን ቦታ የሚያይ አንድም የለም።

የጥርስ ብሩሿን አነሳች። የጡንቻውንም ካናቴራ አነሳች፤ ስፌቱ ያማረ ነበር። በሩ ጋ ስትደርስ ትንሽ ቆም አለች፣ እናቷ ትጠራት እንደሆነ።

«ግጥም አድርገሽ ዝጊው» አለች እናትየዋ። «ብርድ ይገባል።»

ወጣች፤ ግጥም አድርጋ ዘጋችው።