የግድግዳው ጠርዝ

ለምንሠራው ጌም የእናቴን ሳሎን ግድግዳ ፎቶ አንስቼ አስገባሁ። ስክሪኑ ላይ ግን የግድግዳው ጠርዝ ቀጭን ቀይ መስመር ያሳያል።

«የማጠጋጋት ስህተት ነው» አለኝ አለቃዬ። «ኮምፒውተሩ ጠርዙን ሲያለሰልስ ከፎቶው ትንሽ ያልፍና ከጎኑ ካለው ፎቶ ቀለም ይለቅማል።»

«ጋሼ፣ ከጎኑ እኮ ሌላ ፎቶ የለም።»

«በይ እንግዲህ፣ ከጠርዙ እንዳያልፍ አድርጊው፤ ነገር አታብዢ።»

መስመሩን አጉልቼ አየሁት። የተደረደሩ ቀይ ጥፍሮች ናቸው፤ የግድግዳውን ጫፍ ይዘዋል።

ኮዱን አስተካከልኩ። ጥፍሮቹ ከስክሪኑ ጠፉ። እፎይ ከማለቴ ስልኬ ጮኸ፤ እናቴ ናት፣ ከቤት።

«ልጄ፣ ጥፍሯን ቀይ የተቀባች ጓደኛሽ መጥታ ሳሎን ቆማለች። ተቀመጪ ብላት ብሠራት ፊቷን ከግድግዳው አላዞር አለችኝ።»