የአባባ ሽቅብ ሊፍት

ሊፍትን የፈለሰፉት ሰዎች ስማቸው በመጻሕፍት ሰፍሯል፤ ይገባቸዋል። ሊፍት ውስጥ ቆመው ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ሲያወጡና ሲያወርዱ የኖሩትን አባባ ሽቅብን ግን የጻፋቸው የለም። እንዲያውም ሊያባርሯቸው ነበር።

ስሙን ያወጣላቸው የሕንፃው ሰው ነው። የአሮጌውን ሊፍት በር ዘግተው፣ እጀታውን ጨብጠው፣ "ሽቅብ!" ይላሉ። ከዚያ ወሬ ነው። ወሬያቸው ልኩን ያውቃል፤ ሦስተኛ ፎቅ ለሚወርድ ሦስተኛ ላይ፣ ሰባተኛ ለሚወርድ ሰባተኛ ላይ ያልቃል። ለሌላ ተሳፋሪ የጀመሩትን የጎረቤታቸውን ፍየል ነገር እስከ መጨረሻው ልስማ ብሎ ሁለት ፎቅ አልፎ በደረጃ የሚመለስ ጠበቃ ነበር።

የሕንፃው ባለቤት፣ ሰባተኛ ፎቅ የሚኖሩት እማማ፣ አሮጌውን አስነቅለው አዲስ ሊፍት አስገቡ። ባለ በተን ነው። ጣትህን ታስነካዋለህ፣ ራሱ ይሄዳል። ነጂ የለ፣ ወሬ የለ።

"ሁለት ሳምንት እንየው" አሉት ሥራ አስኪያጁን። "ሳይቆም ከሠራ አባባ ይረፉ።"

ማረፍ ማለት ከደረጃው ሥር ያለችውን ክፍልም መልቀቅ ነው። አባባ ሽቅብ ከሚስታቸው ጋር የሚኖሩባት ክፍል ከሥራው ጋር የተሰጠቻቸው ናት። ሚስትየዋ የዚያኑ ዕለት ዕቃ ማሰር ጀመሩ። "በዚህ ዕድሜያችን የት ልንገባ ነው?" እያሉ ድስቱንም እንባቸውንም ባንድ ጨርቅ ይጠርጋሉ።

እማማ አንድ ትእዛዝ ጨመሩ። ሥራ አስኪያጁ እንደ ወትሮው በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ሪፖርት ይዞ ሲመጣ፣ በአዲሱ ሊፍት ይምጣ።

"ይሄን ያህል ደክሜ ያስገባሁትን አንተ ካልተሳፈርክበት ማን ሊሳፈርበት ነው?"

በመጀመሪያው ቀን፣ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ላይ፣ ሊፍቱ ቀጥ አለ። ደግነቱ ባዶውን ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ሰባቱን ፎቅ በእግሩ ወጥቶ ሪፖርቱን አቀረበ። ላቡን እየጠረገ ሲወርድ ቴክኒሻኑ ምድር ቤት ያለውን የኤሌክትሪክ ሣጥን ከፍቶ ጠበቀው።

"ፊውዙን ሰው ወስዶታል" አለ።

የሣጥኑ ቁልፍ ሁለት ነው፤ አንዱ በሥራ አስኪያጁ ቢሮ፣ ሌላው በአባባ ሽቅብ ቀበቶ ላይ። ሁሉም ዞሮ የአባባን ቀበቶ አየ።

"አባባ፣ እርስዎ ነዎት?" አለ ሥራ አስኪያጁ።

"እኔ አልነካሁም፣ ጌታዬ።"

"ታዲያ ማን ነው?"

"እሱን እንግዲህ የነካው ያውቃል።"

ሥራ አስኪያጁ ቁልፉን ተቀበላቸው። ቴክኒሻኑ አዲስ ፊውዝ አስገባ። በማግስቱ፣ ለስድስት ሩብ ጉዳይ፣ ቀጥ።

"ሠላሳ አንድ ዓመት የኖረ ሰው ቁልፉን ሌላ ሳያስቀርጽ ይቀራል?" አለ ዘበኛው።

"እውነትህን ነው" አለ ሥራ አስኪያጁ።

አባባን መግቢያው ላይ ወንበር ሰጥቶ አስቀመጣቸው፤ ዘበኛውም ዓይኑን ከእሳቸው ላይ እንዳይነቅል አዘዘ። በሦስተኛው ቀን ዘበኛው ዓይኑን ሳይነቅል ሊፍቱ ቆመ።

"ድግምት ነው!" አለና የራሱን ወንበር ራቅ አደረገ። ጥቂት ካሰበ በኋላ ግን ሌላ መጣለት። "ሚስትየዋ ናቸው። ባልየው እዚህ ያዘናጉናል፣ እሳቸው ታች ይነቅላሉ።"

"ሴትዮዋን ተዋቸው" አለ ሥራ አስኪያጁ ቆጣ ብሎ።

ሚስትየዋ በበኩላቸው ባላቸውን ነበር የጠረጠሩት። "እንኳን ነቀልከው!" አሏቸው በሹክሹክታ።

"አልነቀልኩም አልኩሽ።"

"ከኔም ትደብቃለህ?"

ሌላ ሕንፃ ቢሆን ሽማግሌው በሁለተኛው ቀን ተባረው ነበር። ሥራ አስኪያጁ ግን ማስረጃ ሳይገኝ ሰው አላባርርም ብሎ ድርቅ አለ። ሊፍቱ በየቀኑ ቆመ፣ ቴክኒሻኑ በየቀኑ ፊውዝ አስገባ፣ ሥራ አስኪያጁ በየቀኑ ሰባት ፎቅ በእግሩ ወጣ። ሱሪው ሰፋው። ሠራተኛው ሁሉ "እንዲህ ያለ ትዕግሥት!" እያለ አዘነለት።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን እማማን ጥርሳቸውን አመማቸው። ሐኪም ጋ ልሂድ ብለው፣ ለማንም ሳይናገሩ ሊፍቱ ውስጥ ገቡ። ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነበር። በአምስተኛና በአራተኛ ፎቅ መካከል፣ ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ቀጥ አሉ።

"ኧረ የሰው ያለህ!"

ሥራ አስኪያጁ ጩኸቱን ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ። ሪፖርቱን በትኖ ቁልቁል ሮጠ። አባባ ሽቅብ ደግሞ እያለከለኩ ሽቅብ ወጡና አፋቸውን በሩ ስንጥቅ ላይ ደቀኑ።

"አይዞዎት እመቤቴ፣ አለሁ። የጎረቤቴ ፍየል ምን እንዳደረገች ነግሬዎታለሁ?"

"ምን አደረገች?" አሉ እማማ እያለቀሱ።

ነገሯቸው። ፍየሏ የሙሽራውን ጫማ የበላች ጊዜ ከውስጥ ሳቅ ተሰማ። ቴክኒሻኑ ገና መንገድ ላይ እያለ መብራቱ ቦግ አለና ሊፍቱ ወረደ።

"ይሄን የፈለሰፈው ሰውዬ ብቻውን ተዘግቶበት አያውቅም" አሉ እማማ እንደወጡ። "አባባ ከውስጡ አይወጡም። በተኑንም እሳቸው ይጫኑት።"

"ፊውዙን የነቀለውስ?" አለ ዘበኛው።

"ከዛሬ ወዲያ አይነቀልም" አሉ አባባን በጎን እያዩ። "እኔም አልጠይቅም።"

ከደረጃው ሥር እልልታ ተሰማ። የታሰረው ዕቃ ተፈታ።

በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጁ ሪፖርቱን ታቅፎ ገባ። አባባ ሽቅብ በተኑን ተጫኑ፤ በሩ ተዘጋ። ገና ንቅንቅ ከማለቱ ሥራ አስኪያጁ የሽማግሌውን ክንድ በሁለት እጁ ጭምቅ አድርጎ ያዘ።

"እንደ ሁልጊዜው ዓይንህን ጨፍን፣ ልጄ" አሉት አባባ ሽቅብ፤ "አሥራ አንዱን ፊውዝ ግን ለቴክኒሻኑ መልስለት።"