ሳተላይት አይዋሽም

ፉሪ የቆሙት የውሃ ቦቴዎች ወዴት እንደሚሄዱ የሚወሰነው ለቡ መብራት ኃይል፣ አንድ የእርዳታ ድርጅት ቢሮ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። የምትወስነው ውብነሽ ናት።

በ2017 መጋቢት መግቢያ ላይ ኮርሳ ደወለላት። ኮርሳ ሐረርጌ ቆላ ውስጥ ኤላ ቦሩ በምትባል ቀበሌ የእርዳታ ድርጅቱ ወኪል ነው።

«ወይዘሮ ውብነሽ፣ ጉድጓዱ ጭቃ ብቻ ሆነ። ጭቃውን እያጠለልን ነው የምንጠጣው። ልጄ ሀኒፋም ታማብኛለች። አንድ ቦቴ ብቻ ይላኩልን።»

«እናያለን፣ አቶ ኮርሳ። ከላይ ሆነን እናያለን።»

ቦቴዎቹን የሚያሰማራው ኑሪ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ይሰማል።

«ያ ሰውዬ አምና የላክንለትን ውሃ በጀሪካን ቸርችሮታል ይባላል» አለ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ብሎ ይሆናል።»

ውብነሽ ወሬ አትወድም። የምታምነው ሳተላይቱን ነው።

«ካሜራ እንዳይመስልህ» አለችው። «አፈር ራሱ የሚያወጣው ደካማ ጨረር አለ። ሲደርቅ ይበረታል፣ ሲርስ ይቀንሳል። ሳተላይቱ የሚለካው እሱን ነው። ደመና አያግደው፣ ጨለማ አያግደው፣ ጉቦ አይበላ።»

የሳተላይቱን ልኬት ካርታ የሚያደርገውን የኮምፒውተር ፕሮግራም አብጠርጥሮ የሚያውቀው ባልደረባዋ ብሩኬ ለትምህርት ውጭ አገር ሄዷል። ግን ምን ይከብዳል? ከመሄዱ በፊት አሳይቷታል። ኤላ ቦሩን መረጠች፣ መጋቢት ሰባተኛ ወር ስለሆነ ወርና ዓመቱን 7/2017 ብላ ሞላች፣ ጠበቀች።

ካርታው ሰማያዊ ሆነ። ደረቅ ቢሆን ቀይ ይሆን ነበር።

«እየው፣ ረግረግ ነው!» አለች ውብነሽ። ደሟ ፈላ። ስልኩን አንስታ ደወለች፤ አንቱታውም እዚያው ቀረ።

«ስማ ኮርሳ፣ አፈርህ ውሃ ጠግቧል። ማንን ልታታልል ነው?»

«ወላሂ ዝናብ ካየን ቆየን። መጥተው ይዩ።»

«ሳተላይት አይዋሽም።»

«እኔስ?» አለ ኮርሳ።

ዘጋችበት። ቦቴዎቹ ወደ ሌላ ወረዳ ሄዱ። ኮርሳም ከሥራው ተባረረ።

«በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» ብሎ ኑሪ ሳቀበት።

ሚያዝያ ላይ ኑሪ ከመስክ ተመለሰ። ቢሮዋ ገብቶ ሳይቀመጥ ቆመ።

«ሀኒፋን ቀበሯት አሉ» አላት። «ሌሎች ሕፃናትም ሞተዋል። ውብነሽ፣ እኔ ያለፍኩበት መንገድ ሁሉ አቧራ ነው።»

ውብነሽ ለልጅቷ አዘነች፤ ማዘኗን ግን ወደ ንዴት ለመቀየር ብዙ አልፈጀባትም።

«ውሃው እያለ ለምን አላጠጣትም? ሸጦት ነው እንጂ! የገዛ ልጁን!»

ኑሪም ካርታውን በዓይኑ አይቷል።

ውብነሽ ሰማያዊውን ካርታ በትልቁ አሳትማ በሩ አጠገብ ሰቀለችው። አዲስ ወኪል በተቀጠረ ቁጥር እዚያ አቁማ የኮርሳን ታሪክ ትነግረዋለች።

ከካርታው ግርጌ፣ በደቃቅ የፈረንጅ ፊደል፣ «ጁላይ 2017» ይላል፤ በእኛ ሐምሌ 2009።